ሳይበርድ አትክፈቺው

ደሴ፣ ረቡዕ ማታ

ለምወድሽ ልጄ፣

አክስትሽ ትናንት ደወለችልኝ። እንዳትነግሪው ብለሻት ነበር አሉ። እሷ ከእኔ መደበቅ እንደማይሆንላት ታውቂያለሽ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጪ መኪናሽ ሞቃ ቆመች። ወርደሽ፣ ሻርፕሽን እጅሽ ላይ ጠቅልለሽ፣ የራዲያተሩን ክዳን ልትከፍቺ ስትይ አንድ የታክሲ ሹፌር ጮኾ አስተወሽ። የሰማሁት ይኸው ነው። ሰውዬውን አላውቀውም፤ ዕድሜ ይስጠው። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አልተከደነም።

አሁን ደግሞ እሑድ የውሃ ፓምፑን፣ ያን የማብረጃውን ውሃ በሞተሩ ውስጥ የሚያዞረውን፣ ራሴ እቀይራለሁ ብለሻል። በዚህ አልቆጣሽም። በሰባት ዓመትሽ ባትሪ ይዘሽ እያበራሽልኝ፣ 10 ቁጥርና 12 ቁጥር ቁልፍ በዓይንሽ ለይተሽ ታቀብዪኝ ነበር። ትችያለሽ። የምቆጣው በክዳኑ ነው። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን አትክፈቺ። በሻርፕም፣ በፎጣም፣ ቀስ ብዬም ቢሆን አይባልም።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ግን ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑን ያላላሽው ጊዜ አፈናው ይለቃል። ያ ውሃ በአንዴ ፈልቶ፣ ከእንፋሎት ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ ማለት ወደ ፊትሽ ማለት ነው። እጅሽን ለማንሳት እንኳ ጊዜ አይሰጥሽም።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ጥፋቱ የፓምፑ መሆኑን አረጋግጪ። የፓምፑን ፑሌጃ፣ ቺንጋው (የላስቲክ ቀበቶው) የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ በእጅሽ ይዘሽ ወዲህ ወዲያ ነቅንቂው። ከተነቃነቀ፣ ወይም ሲዞር የሚፈጭ ድምፅ ካለው፣ ውስጡ አልቋል። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከእሷ የወረደ ሮዝ ወይም ነጭ የደረቀ ዱካ ካየሽ ፓምፑ እያፈሰሰ ነው። የዘይት መለኪያውንም አውጥተሽ እዪ። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ተዪው፤ አትንኪው፤ ያ የቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው፣ ለእሑድ የሚሆን ሥራ አይደለም። ደውዪልኝ።

የአንቺ ያሪስ መኪና ሞተሯ ጋ ጠባብ ናት። ፓምፑ በስተቀኝ፣ በሞተሩና በፓራፋንጎው መካከል ተወሽቋል። ከላይ ብታዪው አይታይም፤ ከታች ብትገቢ ክንድ አያሳልፍም። እኔ ብሆን እጄ አይገባም። የአንቺ እጅ ቀጭን ነው፣ የእናትሽን ነው የወሰድሽው። ደግነቱ የአንቺ ሞተር ታይሚንጉ፣ የውስጡን ቫልቮችና ፒስቶኖች አብሮ የሚያስኬደው፣ ሰንሰለት ነው። ፓምፑን የሚያዞረው የውጪው ቺንጋ ስለሆነ ታይሚንጉን አትነኪም።

ቅዳሜ ማታ አቁመሻት ትደር። ጠዋት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቺ። የቀኙን የፊት ጎማ አውጪ፣ ከውስጥ ያለውን የላስቲክ መከለያም አንሺ፤ ያኔ ትንሽ ብርሃን ይገባልሻል። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ቆማ ከሥሯ እንዳትገቢ፣ ጠንካራ ማቆሚያ ይኑራት። ውሃውን ከራዲያተሩ ሥር በሳፋ ተቀበዪው። ሜዳ ላይ አትድፊው፤ ኩላንት ይጣፍጣል፣ ውሻም ሕፃንም ቢልሰው መርዝ ነው። የጎረቤትሽ ልጆች ግቢው ውስጥ ናቸው።

የፑሌጃውን ብሎኖች ቺንጋው ሳይወልቅ አላልተሽ ተዪያቸው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ቺንጋውን ቀድሞ ያወልቅና ፑሌጃው አብሮ እየዞረ ሲያስቸግረው ይውላል፤ ቺንጋው እያለ ግን እሱ ራሱ ይይዝልሻል። ከዚያ ዲናሞውን አላልተሽ ቺንጋውን አውጪ። ከማውጣትሽ በፊት አካሄዱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ቦታው እምቢ ካለሽ፣ ሞተሩን የያዘውን የቀኙን ሱፖርት መፍታት ሊኖርብሽ ነው። ያኔ ክሪኩ ላይ ጣውላ አድርገሽ ሞተሩን ከሥር ደግፊው። ሳትደግፊ ሱፖርት አይፈታም! ትንሽ ከፍ ዝቅ ስታደርጊው ፓምፑ የሚወጣበት ክፍተት ታገኛለሽ።

ብሎኖቹ ቁመታቸው አንድ አይደለም። ካርቶን ላይ የፓምፑን ቅርፅ ሳዪና እያንዳንዱን በቦታው ሰክተሽ አስቀምጪ። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ሞተሩን ይሰነጥቃል። የድሮውን ጓርኒሲዮን በካቻቪቴ አትፋቂ፣ አሉሚኒየም ነው፣ ይጫራል፤ ከተጫረ ደግሞ ያፈሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀምጬ ነው ያነሳሁት።

በየበዓሉ አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ የሚመጣውን አጎትሽን አስቢው። የሥጋ ዘመድ አለመሆኑን ታውቂያለሽ፤ ረዳቴ ነበር። አምስት ዓመት ሲሆንሽ «አጎቴ አንገቱ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሲወለድ ነው አልኩሽ። እሱም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ዝም አለ።

ሲወለድ አይደለም፤ እኔ ነኝ። 1988 ዓ.ም. ነው፣ አንቺ አልተወለድሽም። ጭነት ይዘን በላንድክሩዘር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እንወጣለን። ሐረጎ ላይ፣ ጠመዝማዛው መሐል፣ የሙቀቱ ቀስት ቀዩ ውስጥ ገባ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ሊመሽ ነው። ዕቃው ያን ዕለት እንዲደርስ ቃል ሰጥቻለሁ። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። «ውሃ ጨምርበት» አልኩት። «ጋሼ፣ ይፋጃል፣ ትንሽ እንቆይ» አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ፣ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። እኔ ምን አልኩት? «ጨርቅ ያዝና ክፈት፣ እየመሸብኝ ነው።»

ከፈተው።

ፊቱን ስላዞረ ዓይኑ ተረፈ። አንገቱና የግራ ክንዱ ግን ተላጠ። እኔ ደግሞ ባለማወቅ የሞተር ዘይት ቀባሁት። ያኔ እንዲያ ይባል ነበር። ሐኪሙ ቁስሉን ሊያጥብ ያንን ዘይት ሲያነሳ የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው። ሁለት ወር ተኛ። እናቱ ሆስፒታል መጥታ «ልጄን ምን አገኘው?» ስትለኝ «ክዳኑ በራሱ ፈነዳ» አልኳት። እሷም ይህን ይዛ ሞተች። እሱ አንድ ቀን አላጋለጠኝም።

ለዚህ ነው ያልተኛሁት። ግማሽ ሰዓት መታገስ አቅቶኝ ነው። ግማሽ ሰዓት ብቻ።

ልጄ፣ ተሳፋሪ ይቆጣ። የተሳፋሪው ትዕዛዝም ይሰረዝ። መንገድም ይዘጋ፣ ጡሩምባም ይንፉብሽ። ሙቀት ሲወጣ ዳር ያዢ፣ ሞተሩን አጥፊ፣ ወርደሽ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። የላይኛውን ማኒኮቶ፣ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን የላስቲክ ቱቦ፣ በኋላ ነክተሽ እዪው። ትኩስ ከሆነና እንደ ድንጋይ ከተወጠረ ውስጡ ገና ታፍኗል። በርዶ፣ ስትጨብጪው እጥፍ ሲል ነው ክዳኑን የምትነኪው። ሳይበርድ አትክፈቺው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃም አትድፊ፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ሰው ቢቃጠል ደግሞ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበትና ወደ ሐኪም ውሰዱት። ዘይት፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና የሚልሽን አትስሚ።

ወደ ፓምፑ ልመለስ። አዲሱን ስትገጥሚ ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በጣትሽ አስገቢ። ከዚያ ፊት ለፊት እያቀያየርሽ ጥቂት በጥቂት አጥብቂ። ትናንሽ ብሎኖች ናቸው፣ በአጭር ቁልፍ ነው የሚጠብቁት፤ ጉልበት ካበዛሽ ጥርሱ ይበላል። ሲሊኮን አታብዢ፣ የተረፈው ራዲያተር ውስጥ ገብቶ ይደፍናል። ተርሞስታቱንም፣ እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን፣ አብረሽ ቀይሪ፤ ሁለት ጊዜ ውሃ ከማፍሰስ ይሻላል። የመኪና ዕቃ ልትገዢ ሶማሌ ተራ ስትሄጂ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂና ጎን ለጎን አስተያዪው።

የቧንቧ ውሃ ብቻ እንዳትሞዪባት። ፓምፑን የጨረሰው እሱ ይመስለኛል። ዝገት ሠርቶ ውስጡን ይበላዋል። ሮዙን ኩላንት ግዢ፤ ተዘጋጅቶ የመጣ ከሆነ ውሃ አይጨመርበትም፣ ወፍራሙ ከሆነ ግማሽ በግማሽ በተጣራ ውሃ ነው። ስትሞዪ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ክዳኑ ክፍት፣ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው። አስነሺና አየሩ እየተንቦጫረቀ እስኪወጣ ጠብቂ። የላይኛው ማኒኮቶ ሲሞቅ ተርሞስታቱ ከፍቷል ማለት ነው። አረፋው ካቆመ በኋላ ዝጊ። ከዘጋሽው ወዲያ እስከ ማግስቱ አትክፈቺ። ልይ ብለሽ እንኳ አትክፈቺ። ሰኞ ጠዋት፣ ሳታስነሻት፣ ያኔ ከፍተሽ ከጎደለ ሙዪ።

አሁን ስሚኝ። ሐሙስ በሚነሳው አውቶቡስ የቁልፍ ሳጥኔን ልኬልሻለሁ። በቀይ ጨርቅ የጠቀለልኩት አጭሩ 10 ቁጥር ለዚያ ጠባብ ቦታ ነው። እናትሽም በሶ አስይዛለች።

አጎትሽንም ደውዬ ጠይቄዋለሁ። እሑድ 3 ሰዓት ላይ ይመጣልሻል። ሥራውን አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እሱ አጠገብሽ ይቆማል። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ «እሺ ጋሼ፣ ትወቀው» አለ።

ቁርስ ሳይበላ ነው የሚመጣው። ሻዩን ስኳር አብዢለት።

አባትሽ