የተቆረጠው ቲኬት ቁጥር ይታተምልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ደሴ ውስጥ ፊልም በሚታይበት አንድ አዳራሽ ቲኬት ቤቱንና ሒሳቡን የምይዝ ሰው ነኝ። የኪነ ጥበብ ገጻችሁን ሳላነብ አላልፍም። ስለ አገራችን ፊልሞች በምታወጡት ዜና ውስጥ ግን ሁልጊዜ የሚጎድል ነገር አለ። አንዱ ፊልም «አዳራሽ አጨናነቀ» ይባላል፣ ሌላው «ተመልካች ጎረፈለት» ይባላል፣ ሦስተኛው «ሪከርድ ሰበረ»። ስንት ሰው አየው? በስንት አዳራሽ? በስንት ቀን? የተሰበረው ሪከርድስ ስንት ነበር? ይህ አይጻፍም። በእግር ኳስ ገጻችሁ ላይ አንድ ቡድን «ብዙ ጎል አገባ» ተብሎ ብቻ ቢታተም የትኛው አንባቢ ዝም ይላችኋል?

ቁጥሩ ጠፍቶ አይደለም፤ በየምሽቱ አለ። ቲኬት ወደ እኛ የሚመጣው ተከታታይ ቁጥር ታትሞበት በጥራዝ ነው። ተመልካቹ በር ላይ ሲደርስ ይቀደድና ግማሹ ለእሱ ይሰጣል፣ ጉርዱ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ፊልሙ ተጀምሮ በሩ ሲዘጋ የመጀመሪያውና የመጨረሻው የቲኬት ቁጥር ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ የግብዣ ቲኬት ለብቻው፣ የተበላሸ ለብቻው። ጉርዱ ይቆጠራል፣ ጥሬ ገንዘቡና በቴሌብር የገባው ይደመራል። የደብተሩ፣ የጉርዱና የገንዘቡ ሒሳብ ካልተገናኘ ማናችንም ወደ ቤታችን አንሄድም። ግብር የሚከፈለው በዚሁ ቁጥር ነው፤ ባለ አዳራሹና ፕሮዲውሰሩ ገቢውን የሚካፈሉትም በዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል።

ይህ ቁጥር ተደብቆ በመቅረቱ የሚጎዳው ደሴን የመሰለ ከተማ ነው። ፊልም ወደ እኛ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፤ የፕሮዲውሰሩ ተወካይ በሃርድ ዲስክ ይዞት ይመጣል። እንዳይገለበጥበት ሃርድ ዲስኩን ቀንም ሌሊትም ከጎኑ አይለየውም። ሲመሽ ደግሞ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው አንድ በአንድ ይቆጥራል። ልጁ ላይ አልፈርድበትም፤ የሰው ንብረት በአደራ ተሰጥቶታል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፣ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ አበል አለ። ይህ ሁሉ የሚወጣው ከደሴ ገቢ ላይ ነው። አዳራሹ ሞልቶ እንኳ ወጪው ተቀንሶ የሚተርፈው ትንሽ ስለሚሆን ፕሮዲውሰሩ «ደሴ አያዋጣም» ብሎ ይወስናል። ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀው፣ ስንትና ስንት የፋብሪካ ሠራተኛ ያላት ኮምቦልቻማ ጭራሽ የሚያስታውሳት የለም። ለእኛ ፊልሙ የሚደርሰን ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ነው፣ ወይም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር። ደሴ አላዋጣችም የተባለው ተመልካች ጠፍቶ አይደለም። ሁሉም የሚያምነው ቆጠራ ስለሌለ ለእያንዳንዱ ፊልም ጠባቂ መላክ ግድ ሆኗል፤ የጠባቂው ወጪ ነው ፊልሙን የሚያስቀረው።

ሌሎች አገሮች ይህን ከፈቱት ቆይተዋል። በደቡብ ኮሪያ የሲኒማ ቤቶች ቲኬት መሸጫ ከአገሪቱ የፊልም ምክር ቤት ኔትወርክ ጋር የተያያዘ ነው፤ ትናንት የትኛውን ፊልም ስንት ሰው እንዳየው ዛሬ ማንም ሰው ኢንተርኔት ከፍቶ ያያል። በፈረንሳይ ከእያንዳንዱ ቲኬት ላይ 10.72 በመቶ ተቆርጦ እ.ኤ.አ. በ1946 ለተቋቋመው ብሔራዊ የሲኒማ ማዕከል ይገባል። ማዕከሉ ገንዘቡን መልሶ ለፊልም ሥራ ያውለዋል፤ ፊልሙ ብዙ ተመልካች ያገኘለት ፕሮዲውሰር ለሚቀጥለው ሥራው የሚያገኘው ድጋፍም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። እዚያ ቆጠራው የሚቀጥለው ፊልም የሚሠራበት ገንዘብ መነሻ ነው። «እነሱ ሀብታምና ትልልቅ ናቸው» የሚለኝ አይጠፋም። አይስላንድ 400 ሺህ እንኳ የማይሞላ ሕዝብ ይዛ የሲኒማ ዝርዝሯን በየሳምንቱ ታወጣለች። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደቡብ ወሎ ዞን ብቻውን ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው።

ቁጥሩ ይውጣ ስል ግን በብር ይውጣ ማለቴ አይደለም፤ ይህን አደራ እላለሁ። ናይጄሪያ ሪከርዷን የምታስነግረው በናይራ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 መጀመሪያ የፉንኬ አኪንዴሌ «ኤ ትራይብ ኮልድ ጁዳ» 1 ቢሊዮን ናይራ ያለፈ የመጀመሪያው የአገሪቱ ፊልም ተባለ። ሊያስደስት የሚገባ ነገር ነው። ነገር ግን ናይራ ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ ክፉኛ ወርዷል፤ ከዚያ በፊት ከወጣ ፊልም ጋር በናይራ ቢያወዳድሩት የሚታየው የገንዘቡ መውደቅ ይሁን የተመልካቹ መብዛት መለየት ይቸግራል። የእኛም ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ የኑሮ ውድነቱ የት እንደደረሰ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የቲኬት ዋጋ በጨመረ ቁጥር አዲሱ ፊልም ሁሉ ግማሽ አዳራሽ ይዞም በብር ሪከርድ ይሰብራል። ደግሞም የአዲስ አበባና የደሴ ቲኬት ዋጋ እኩል አይደለም። በብር ከተቆጠረ አንድ የደሴ ተመልካች ከአንድ የአዲስ አበባ ተመልካች ያነሰ ሰው ሊሆን ነው። ኮሪያም ፈረንሳይም ዋና አድርገው የሚቆጥሩት የገባውን ሰው ነው፤ እኛም ሰው እንቁጠር።

ከሰው ቁጥሩ ጎን ፊልሙ በስንት አዳራሽና በስንት ትዕይንት እንደታየ ይጻፍ። ሺህ ሰው በአሥር አዳራሽ ያየው ፊልምና ሺህ ሰው በሁለት አዳራሽ ያየው ፊልም አንድ አይደሉም። ወቅቱም አይረሳ። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ የሚኖርበት አገር ነው። በ2017 ዓ.ም ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ከአምስት ቀን በኋላ የካቲት 22 ረመዳን ተከተለ። ክርስቲያኑ ጾም ይዞ፣ ሙስሊሙ አፍጥሮ ተራዊሕ ሄዶ የማታው ትዕይንት ምን ሊመስል እንደሚችል ገምቱት። ለአዲስ አበባው ፕሮዲውሰር የሁዳዴ ወር ቀዝቃዛ ነው፤ ለእኛ ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ አዳራሹን የሚያሞቅ ተመልካች የለም። በአንጻሩ ዒድ አልፎ ፋሲካ ሲመጣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ሁለቱንም በዓል ያከብራል፤ ልጆች ገንዘብ ይዘው ይወጣሉ፣ ፒያሳ ሰው በሰው ይሆናል። የደሴ ቁጥር በየሳምንቱ የሚታተም ቢሆን ኖሮ ይህን ማንም ፕሮዲውሰር ከወረቀቱ ላይ ያነበው ነበር፤ ለእኛ የሚሆነውን ሳምንትም መርጦ ይመጣ ነበር።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ከተማው እንዴት እንደነበር ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ የፊልም ተመልካቹ ምን ያህል ተመለሰ ተብሎ ቢጠየቅ በቁጥር መልስ የሚሰጥ መዝገብ የለም። የተዘረፈ ንብረት ተቆጥሯል፤ የቀረ ተመልካች ግን ከምን ላይ ተነስቶ ይቆጠራል?

ባለ አዳራሾች ቁጥራቸውን ለምን እንደሚደብቁ አውቃለሁ። ተፎካካሪን ይፈራሉ፣ የግብር ጥያቄ ይፈራሉ። ፕሮዲውሰሩም ባዶ ወንበር መኖሩ ከታወቀ ፊልሙን ለቴሌቪዥን ሲሸጥ ዋጋ ይወርድብኛል ብሎ ይሰጋል። የግብሩ ስጋት ደረሰኝ ለሚቆርጥ ሰው ስጋት መሆን አልነበረበትም። የፕሮዲውሰሩን ስጋት በተመለከተ ግን ዩቲዩብን ተመልከቱ። እያንዳንዱ ፊልም ሥር ስንት ጊዜ እንደታየ ለዓለም ሁሉ ተጽፎ ይታያል፤ ጥቂት ያየውም ብዙ ያየውም። ማስታወቂያ የሚያሠራው ድርጅት ያን ቁጥር አይቶ ገንዘቡን ወደዚያ ይዞ ይሄዳል። ሲኒማ ቤት ደግሞ ቁጥሩን ቆልፎ «ስፖንሰር አጣን» ይላል። ገንዘብ አውጥቶ፣ ታክሲ ይዞ፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ የሚያይ ሰው ለአስተዋዋቂ ከሁሉ የበለጠ ተመልካች ነው፤ እኛ ግን መኖሩን እንኳ አላስታወቅንም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥርዓት እስኪዘረጋ አትጠብቁ። ፈቃደኛ ከሆኑ አምስት ስድስት አዳራሾች ጀምሩ፤ ሁለቱ ሦስቱ ከአዲስ አበባ ውጭ ይሁኑ። በየሳምንቱ አንድ ትንሽ ሰንጠረዥ አውጡ፤ የፊልሙ ስም፣ የአዳራሹ ስም፣ የትዕይንቱ ብዛት፣ የገባው ሰው፣ በግብዣ የገባው ለብቻው። ቁጥር ያልሰጠው አዳራሽ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታተም። ስህተት ቢኖር በሚቀጥለው ሳምንት ይታረማል፤ አሜሪካኖቹም እሑድ ግምት አውጥተው ሰኞ በትክክለኛው ይተኩታል። ጉርዱና የደብተሩ ገጽ በዚያው ምሽት በስልክ ፎቶ ተነስቶ ለፕሮዲውሰሩም ለእናንተም ቢላክ፣ ማንም በር ላይ ቆሞ እንዲቆጥር 400 ኪሎ ሜትር መምጣት አይኖርበትም። የሃርድ ዲስኩ ጥበቃ ሌላ መላ ይፈልጋል፤ በይለፍ ቃል የሚከፈት ፋይል ለመላክ ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮዲውሰሮች ካሉ አዳራሻችን ኃላፊነቱን በውል ለመውሰድ ዝግጁ ነው።

ይህን የምጽፈው ባለ አዳራሻችንን አስፈቅጄ ነው። የሳምንቱን ቁጥር ከነጉርዱ ፎቶ እሑድ ማታ ሒሳብ እንደዘጋን እንልካለን። የምንልክበትን የቴሌግራም አድራሻ በሚቀጥለው እትማችሁ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ