ገቢ ብቻውን መንደር አይሠራም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የመዝናኛ ፓርኮች መንደር (የፊልሙን ዓለም አስመስሎ የተሠራ፣ እንግዳ የሚገባበት የፓርክ ክፍል) የሚሠሩለትን ፊልም እንዴት እንደሚመርጡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ምርጫውን ሁሉ በሲኒማ ገቢ ማስረዳታችሁን ግን አልተቀበልኩትም። ነገሩ በገቢ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ዋተርወርልድ» ድሮ ተረስቶ ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ የተጠበቀውን ያህል አልቀናውም። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ሆሊውድ የተባለው ፓርክ በፊልሙ ላይ ተመሥርቶ የጀመረው ትርኢት ግን ዛሬም ተመልካች አለው። ጀልባ ይሽቀዳደማል፣ እሳት ይነዳል፣ መጨረሻ ላይ አውሮፕላን አጥሩን ዘሎ ውኃው ላይ ይወድቃል። ፊልሙን ያላየ ሰውም አፉን ከፍቶ ያያል።

ዋናው ጥያቄ «ሰው እዚያ ገብቶ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። በ2010 አሜሪካ ኦርላንዶ ከተማ ባለው የዩኒቨርሳል ፓርክ የተከፈተው የሃሪ ፖተር መንደር የተዋጣለት ለዚህ ይመስለኛል። በታሪኩ ውስጥ ልጆቹ ገበያ ይወጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ ባቡር ይሳፈራሉ። እንግዳውም ይህንኑ ያደርጋል። በ2014 የታሪኩ የአስማተኞች ገበያ ዳያጎን አሊ ሲጨመር ደግሞ ልዩ የአስማት ዘንግ መጣ። ልጁ ሱቁ መስኮት ፊት ቆሞ ዘንጉን በትክክል ካወዛወዘ ውስጥ ያለው ዕቃ ይንቀሳቀሳል። ያንን የልጅ ፊት የትኛውም የገቢ ሰንጠረዥ አያሳየንም።

ዲዝኒ በ2011 መንደር ሊሠራለት «አቫታር» የተባለውን ፊልም ሲመርጥ ብዙዎች ተጠራጥረው ነበር። ሰው ግን የገጸ ባሕርያቱን ስም ቢረሳም ተንሳፋፊዎቹን ተራሮችና ማታ የሚያበራውን ጫካ አልረሳም። በፊልሙ ዓለም ስም የተጠራው መንደር ፓንዶራ በ2017 ተከፈተ። ሁለተኛው ፊልም የመጣው ከዚያ 5 ዓመት ቆይቶ ነው።

በ2019 የተከፈተው የዲዝኒ የስታር ዋርስ መንደር ግን ይቆጨኛል። ግንባታው ያስደንቃል፤ የፊልሞቹ ታዋቂ የጠፈር መርከብ ሚሊኒየም ፋልከን በሙሉ ቁመናዋ ቆማለች። የተመረጠችው ፕላኔት ባቱ ግን በፊልሞቹ ታይታ የማታውቅ ናት። ሲከፈት የፊልሞቹ ዋና ገጸ ባሕርያት ዳርት ቬደርም ሉክ ስካይዎከርም እዚያ አልነበሩም። አድናቂው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ቦታ ፈልጎ ሄዶ አዲስ አገር ተሰጠው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዲዝኒላንድ የካሪቢያን ወንበዴዎች መጫወቻ የተከፈተው በ1967 ነው፤ ፊልሙ የመጣው በ2003። ያኔ ቦታው ቀድሞ ታሪኩ ተከተለ። ዛሬ ፊልም የሌለው ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ዲዛይነር በሩ ይከፈትለታል ወይ? በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ይህን ብትጠይቁልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ