“ከምን ላይ?” የቁጠባና ኢንቨስትመንት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው ወሬው ሁሉ አክሲዮን በሆነበት ሰሞን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር በቴሌብር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ተማሪዎቹ አጀንዳ ሳልሰጣቸው ራሳቸው ይዘው መጡ። “ቲቸር፣ አባቴ ልግዛ ወይ እያለ ነው፤ ምን ልበለው?” አለኝ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ። ክበቡ ማንንም ግዛ ወይም አትግዛ አይልም፤ ገንዘብም አይሰበስብም። ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራን። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነው፤ ትልቁ 3,333 አክሲዮን፣ አንድ ሚሊዮን ሊሞላ 100 ብር የቀረው። ሽያጩ የካቲት 7 ሲዘጋ ከ47 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተው ነበር። ለገበያ ከቀረበው አንድ አሥረኛው ብቻ መሸጡን ያሰላችው ልጅ ያስነሳችው ክርክር እስከ ደወል አላበቃም። ግማሹ “ሕዝቡ ፈራ”፣ ግማሹ “ሕዝቡ ገንዘብ የለውም” አለ። ለእኔ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን እዚህ አገር አክሲዮን የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ “በዓመት ስንት ይከፍላል?” ብሎ እንደሚጠይቅም መርሳት የለብንም።

የዓመቱ ዋና ሥራችንም ከዚሁ ጥያቄ ተነሣ። ባንኮች ሒሳባቸውን ሰኔ 30 ዘግተው ኅዳር አካባቢ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠሩ “በአክሲዮን 40 በመቶ ትርፍ” የሚል ዜና ይበዛል። አባላቱ በደብተራቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ “ከምን ላይ?” ብለው እንዲጽፉ አደረግሁ። አንድ አክሲዮን ሲወጣ የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ብር ነው እንበል። 40 በመቶው 400 ብር ነው፤ ሆኖም ይህ የተገኘው ትርፍ እንጂ እጅ የሚገባው አይደለም። ባንክ ሕጋዊ መጠባበቂያው፣ ማለትም ለክፉ ቀን እንዲይዘው ሕግ የሚያዝዘው ገንዘብ፣ ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን በየዓመቱ ማስቀመጥ አለበት፤ 100 ብር ሄደ። ከቀረው 300 ላይ በዚያን ጊዜ የነበረው 10 በመቶ የትርፍ ድርሻ ግብር ሲነሣ 270 ይሆናል። አሁን ደግሞ ገዢው አክሲዮኑን ከሌላ ሰው በ1,500 ብር የገዛው ከሆነ ያገኘው 18 በመቶ ነው። 40 ብለን ጀምረን 18 ላይ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ ከኋላ “ታዲያ ባንክ ባስቀምጠውስ?” ሲል ዝቅተኛውን የ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ከነግብሩ አስልቶ እንዲመጣ አዘዝኩት። 6.65 ብሎ መጣ፤ አክሲዮን ግን እንደ ቁጠባ ሲፈልጉ የሚያወጡት ገንዘብ እንዳልሆነም በራሱ ጊዜ ጨምሮበታል።

በሁለተኛው መንፈቅ የአንዲት አባላችን አያት እንግዳችን ሆኑ። የአክሲዮን ሰርተፊኬታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከነጠላቸው ሥር ይዘው ነው የመጡት፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ልጆቹ “እማማ፣ ትርፉን በየዓመቱ ይወስዳሉ?” ብለው ጠየቋቸው። “ድሮ እወስድ ነበር ልጆቼ፤ ለበዓል መዋያ ትሆነኝ ነበር። አሁን ወደ ካፒታል ይዙር ይሉና እጃችንን አውጥተን እናጸድቃለን” አሉ። ምክንያቱን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ስላሳደገው፣ ብዙዎቹ ትርፉን በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ ወደ አዲስ አክሲዮን ማዞርን መረጡ። የባንኩ ትርፍ በ20 በመቶ አድጎ የአክሲዮኖቹ ብዛት በ50 በመቶ ቢጨምር፣ የአንዱ አክሲዮን ትርፍ በ20 በመቶ ይወርዳል። እማማ ይህን ሰምተው፣ “አሃ፣ ለካ ለዚህ ነው የእኔዋ የምታንሰው!” አሉና ሳቁ። ከእኔ የሰሌዳ ቀመር ይልቅ የእሳቸው ንግግር ነው በልጆቹ ደብተር ላይ የተገኘው።

ታሪክም ነካክተናል። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን ይሻሻጥ እንደነበርና ባንኮችና ኢንሹራንሶች በ1967 ሲወረሱ ነገሩ እንዳከተመ፣ ከዚያም በ1987 አዋሽ ባንክ በ486 ባለአክሲዮኖች በ24.2 ሚሊዮን ብር መመሥረቱን አይተናል። ጥር 2 ቀን አክሲዮንና የመሳሰሉት የሚሻሻጡበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ መሆኑን በሰልፍ ሰዓት ያበሠሩት የእኛ ልጆች ናቸው። የተከበረው ሰልፍ ምን ያህል እንደገባው አላውቅም።

ለወላጆች ቀን አባላቱ በቡድን በቡድን ሆነው የየባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት አነጻጽረው በካርቶን ላይ ለጠፉ። ከሁሉ የበለጠብኝ የትርፉን መጠን ትቶ የውጭ ኦዲተሩን አስተያየትና የተበላሹ ብድሮችን ገጽ ያስቀደመው ቡድን ነው፤ ዳኞቹ ግን ሽልማቱን ባለቀለም ግራፍ ለሠሩት ሰጡ። በፈተና ሰሞን የአባላት ቁጥር ከግማሽ በታች መውረዱንም ሳልጠቅስ አላልፍም።

በ2018 ከባንክ ወጥተን የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ሪፖርት ማንበብ እንፈልጋለን። ቤቱ የተቀመጠ የቆየ ዓመታዊ ሪፖርት ያለው ወላጅ ወይም መምህር ለቤተ መጻሕፍት ቢያበረክትልን ደስ ይለናል። የአንድ ኩባንያ ተከታታይ የአምስት ዓመት ቢሆን ይመረጣል፤ በአማርኛ የታተመው ይበቃናል።