ልጆቻችን የከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አባል እንዲሆኑ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ጅማ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ልጆችን በከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለማስመዝገብ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችሁ በከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲመዘገቡ ፈቃዳችሁንና ፊርማችሁን ለመጠየቅ ነው። ቅጹ ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል። ጉዳዩ በሁለት መስመር ማስታወቂያ የሚያልቅ ቢመስልም፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ የተነሡት ጥያቄዎች ተገቢና ማብራሪያ የሚሹ ስለነበሩ ረዘም አድርጌ መጻፍን መርጫለሁ። ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞም ተዘጋጅቷል፤ የሚቀላችሁን መውሰድ ትችላላችሁ።

አስቀድሞ ስለ ጊዜው። በብዙዎቻችን ዘንድ ቤተ መጻሕፍት ትዝ የሚለው ሰኔ ሲቃረብ ነው። ተማሪው ደብተሩንና ፎቶ ኮፒ ያደረገውን ወረቀት ይዞ ይገባል፣ ወንበር ይይዛል፣ ያጠናል፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ዝር አይልም። ጸጥ ያለ ቦታ ማግኘት በራሱ ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም፤ በአንድ ክፍል ቤት ከታናናሾቹ ጋር ለሚኖር፣ ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ መብራቱም አብሮ ለሚጠፋበት ልጅ፣ ጠረጴዛና ብርሃን ያለው ክፍል ከምንም በላይ ያስፈልገዋል። ሆኖም በመደርደሪያው ላይ ካሉት መጻሕፍት አንዱንም ሳይነካ የሚወጣ ተማሪ ከቤተ መጻሕፍቱ ያገኘው ወንበሩን ብቻ ነው። ምዝገባው በጥቅምት እንዲሆን የፈለግነው ለዚህ ነው። የንባብ ችሎታ በፈተና ዋዜማ ተሯሩጠው የሚይዙት ሳይሆን ልጁ ወድዶ ባነበባቸው መጻሕፍት ብዛት ቀስ በቀስ የሚገነባ ነገር በመሆኑ፣ ከአሁን እስከ ሰኔ ያሉት ወራት እንኳ ብዙ አይደሉም።

የችግሩን ልክ በግልጽ መናገር ይገባኛል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአገራችን ክልሎች በተካሄደው የታችኛ ክፍል የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በዚያው አካባቢ ጊዜ ትምህርት የጀመሩት ልጆች 12ኛ ክፍል ደርሰው ሲፈተኑ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ሁሉ መንስኤ የንባብ ድክመት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የመምህራን እጥረት አለ፣ የመጻሕፍት እጥረት አለ፣ ያለፉት ዓመታት መስተጓጎልም አለ። ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ በቅጡ ያልተረዳ ተማሪ መልሱን ቢያውቅ እንኳ የሚጠቅመው ነገር እንደሌለ ማንኛውም መምህር ይመሰክራል። በተለይ ልጆቻችን 9ኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ እስከዚያ ድረስ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፉ ታሪኮችን ማንበብ ያልለመደ ልጅ የባዮሎጂውን መጽሐፍ ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጥሎት ይቀመጣል።

አንዳንድ ወላጆች የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አይበቃም ወይ ብለው ጠይቀዋል። አይበቃም። የእኛ ክፍል በአብዛኛው የያዘው መማሪያና አጋዥ መጻሕፍትን ሲሆን፣ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍትም በበቂ ቁጥር ስላልደረሱን ብዙ ልጆች በወላጆቻቸው ስልክ በፒዲኤፍ እያነበቡ እንደሚያጠኑ ታውቃላችሁ። ከዚህም በላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቤተ መጻሕፍቱም አብሮ ይዘጋል፤ በጅማ ክረምት፣ ዝናቡ ልጆችን ከቤት በማያስወጣበት፣ ለማንበብ ከዓመቱ ሁሉ በሚመቸው ወቅት ማለት ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን የትምህርት ካላንደር አያግደውም፤ የክፍል ደረጃም፣ የትምህርት ቤት ስምም አይጠይቅም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣውና በኋላም በ1994 እና በ2022 በታደሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ፣ አገልግሎቱ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በቋንቋ ወይም በኑሮ ደረጃ ልዩነት ሳይደረግ ለሁሉም እኩል መሰጠት እንዳለበትና በመርህ ደረጃም ነጻ መሆን እንደሚገባው ተደንግጓል። ይህን በእኛ መንደር ቋንቋ ብናገረው፣ አንድ ልጅ በከተማችን ውስጥ ሳይከፍል ገብቶ የሚቀመጥበት ቤት ስንት ነው? ፑል ቤቱ ያስከፍላል፣ ፕሌይስቴሽን ቤቱ በጨዋታ ያስከፍላል፣ ካፌውም ሻይ ካላዘዙበት አያስቀምጥም።

ቤተ መጻሕፍት ሲባል የአዲስ አበባው ብቻ ትዝ የሚለን እንዳለን አውቃለሁ። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክርም ሆነ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት የምንኮራባቸው ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከእኛ እስከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ ዋጋ ያለው በእግሩ ደርሶ የሚመለስበት ነው። በዚህ ረገድ የዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ታሪክ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ነገሌ ቦረና ተወልደው ያደጉት እኚህ ሰው ከመማሪያ መጻሕፍት ውጭ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው እንደሆነ ይናገራሉ። በኋላ በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ የኢትዮጵያ ልጆች በቋንቋቸው የሚያነቡት መጽሐፍ እንደሌላቸው ተመለከቱ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በሚኖሩበት ቤት ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቀጥሎም በሐዋሳ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆቹ ሰፈር ማመላለስ ተጀመረ። ልጆቹ እየተሻሙ መጡ እንጂ መጽሐፉን አልሸሹም። ልጆቻችን ማንበብ አይወዱም የሚለውን ቅሬታ በሰማሁ ቁጥር፣ የሚወዱትን መጽሐፍ መቼ አግኝተው ያውቃሉ ብዬ መጠየቅ የሚያስፈልግ ይመስለኛል።

የጅማ ሰው ለጽሑፍ እንግዳ አይደለም። በከተማችንና በአካባቢዋ በአረብኛም ሆነ በአረብኛ ፊደል በአገር ቋንቋ የተጻፉ የእጅ ጽሑፎች በሼኮች ቤት ለትውልድ ተጠብቀው ቆይተዋል፤ በአድባራቱም የብራና መጻሕፍት አሉ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ የሚጻፈው የአፋን ኦሮሞ ሥነ ጽሑፍም እያደገ መጥቷል። በእኔ እምነት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሌላው ተቋም ሁሉ የሚለይበት አንዱ ነገር እነዚህ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን ሊቀመጡበት መቻላቸው ነው። በአማርኛ የሚማረው ልጅ የአፋን ኦሮሞ ተረት፣ በአፋን ኦሮሞ የሚማረውም የአማርኛ ተረት አንሥቶ የሚገልጥበት ሌላ ቦታ ብዙ የለንም።

ልጆቹ መጽሐፍ መፈለግንም እዚያው ይለምዳሉ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት፣ ሜልቪል ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው የአመዳደብ ዘዴ፣ ዕውቀትን ሁሉ በአሥር ታላላቅ ክፍሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ቁጥር ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ፣ የቡና አመራረት ደግሞ 633.73 ላይ ይገኛል። የቡናውን ቁጥር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ መካከል በከተማው ዳርና በየወረዳው የቡና ማሳ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን የታየውን የቡና ፍሬ በሽታ ይቋቋማሉ ተብለው የተመረጡትን እንደ 74110 ያሉ ዝርያዎችም ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቋቸዋላችሁ። ስለ ቡና በመልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል የሠራውና ሌሎች የጻፉት ነገር ብዙ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ገበሬው የሚደርሰው ግን በወሬ ወሬ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥና 7ኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ተውሳ ለአያቷ ብታነብላቸው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጥቅም ከተማሪው አልፎ ወደ ማሳው ይደርሳል። ነጋሪት ጋዜጣና መገለታ ኦሮሚያም እንዲሁ ናቸው፤ ስለ መሬቱ ወይም ስለ ሥራ ውሉ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ የፈለገ ሰው ጠበቃ ከመቅጠሩ በፊት ራሱ አንብቦ የሚረዳበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። እነዚህ በመደርደሪያው ላይ ካልተገኙ እንዲገቡ መጠየቅ የእኛ የነዋሪዎቹ ድርሻ ነው። ጠያቂ የሌለው ቤተ መጻሕፍት በጀት ሲደለደል የሚያስታውሰው አይኖርም።

አሁን በስብሰባው ላይ ከሁሉ በላይ ወዳከራከረን ጥያቄ ልምጣ። መጽሐፉ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ማን ይከፍላል? በቅጹ ላይ እንደምታነቡት፣ ትምህርት ቤቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ደግሞ በዋስነት ይፈርማል። የጠፋ መጽሐፍ ተመሳሳዩ ተገዝቶ ይተካል፤ በገበያ ላይ ከሌለ ዋጋው ይከፈላል። ይህ ለአንዳንድ ቤተሰብ ቀላል ሸክም እንዳልሆነ ስለምንገነዘብ፣ ከወላጅ፣ ከተማሪና ከመምህራን ሕብረት ጋር ተወያይተን፣ መክፈል ለማይችሉ ወላጆች ሕብረቱ የሚደግፍበትን መንገድ አመቻችተናል። አቅም አንሶት የሚቀር ልጅ እንዳይኖር እፈልጋለሁና ችግሩ ያለባችሁ ሳታፍሩ ቢሮዬ መጥታችሁ አነጋግሩኝ። በሌላ በኩል፣ ልጁ ዋስ ተፈርሞለት የሌላ ሰው ንብረት ተቀብሎ በቀኑ መመለሱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ፤ መጽሐፉን ጠልፎ ያስቀረ ተዋሽ ተራ የሚጠብቀውን ሌላ ልጅ እንደቀማ ማስረዳት የእኛም የእናንተም ሥራ ይሆናል። ጅማ ዝናቧ የሚታመን ስላልሆነ መጽሐፉ በመንገድ ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ ይያዝ፤ ከቡና ሲኒና ከሕፃናት እጅም ይራቅ።

መንገዱን በተመለከተ ያላችሁ ሥጋት፣ በተለይም ስለ ሴት ልጆች የተነሣው፣ ትክክለኛ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ ግቢ በቡድን ተነሥተው ከሁለት መምህራን ጋር ሄደው ከምሳ በፊት ይመለሳሉ። በቡና ለቀማው ወቅት ቅዳሜ ልጃችሁ ለሥራ የምታስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ሌላ ሰው እንዲመልስላት መጽሐፉን ዓርብ ዕለት በጓደኛዋ እጅ ላኩልን እንጂ አባልነቷን አታቋርጡባት። ሴት ልጅ ቤት ውስጥ ብዙ ሥራ አለባት የሚለውን ምክንያት ግን ለወንድሟ የማይነሣ በመሆኑ ልቀበለው አልችልም።

ማንበብ የማትችሉ ወላጆች ልጃችን ማንበቧን በምን እናውቃለን ብላችኋል። ያነበበችውን በቃሏ እንድትተርክላችሁ ጠይቋት፤ ታሪኩ መሐሉ ላይ ከተቆረጠባት አልጨረሰችውም ማለት ነው። ማንበብ የምትችሉት ደግሞ ራሳችሁም ብትመዘገቡ ደስ ይለኛል፤ ምዝገባው ለተማሪ ብቻ አይደለም።

የተፈረመውን ቅጽ ከልጁ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፎች ጋር እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ለልጃችሁ ስም ጠሪ መምህር እንድታስረክቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይሆናል። በዚያ ዕለት አብረዋቸው መሄድ የምትፈልጉ ወላጆች ስማችሁን በቅጹ ጀርባ ላይ ጻፉልን።

ከሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ግልባጭ፦
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ሕብረት
ለስም ጠሪ መምህራን በሙሉ