ከስሙ ቆጥቢ፣ ከዱቄቱ አትቆጥቢ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሕፃኑስ? እናትሽም እኔም ደህና ነን፤ ልባችን ግን እናንተ ጋ ነው።

ባለፈው በስልክ ስናወራ «የልጁ የዱቄት ወተት ጣሳ እስከ ደመወዝ እንዲደርስልኝ እየቆጠብኩ ነው» ያልሽው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። በመድኃኒት ቤት ስሠራ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህንኑ ቃል ከብዙ እናቶች ሰምቻለሁ። ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው ቁጠባው አንድ ማንኪያ ዱቄት ቀንሶ ውሃውን እንዳለ መተው ሆኖ ይገኛል። አንቺም እንደዚያ እያደረግሽ ከሆነ፣ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምረሽ ተዪው። እየወቀስኩሽ አይደለም። የወተቱ ዋጋ ከደመወዛችሁ ቀድሞ መሮጡ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ከቁጠባ ሁሉ አደገኛው ይህ ስለሆነ ሳልነግርሽ ማደር አልቻልኩም።

የሕፃን ኩላሊት ገና አልጠነከረም። ውሃ የበዛበት ወተት ሲጠጣ ትርፉን ውሃ አስወጥቶ መጨረስ ያቅተዋል። ያኔ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም ጨው፣ ይቀንሳል፤ ሕፃኑ ይፈዝዛል፣ መጥባት ይደክመዋል፣ ሲብስም ያንቀጠቅጠዋል። ከእነዚህ አንዱን ካየሽበት ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ውሰጂው፤ ወተቱን አቅጥነሽ እንደነበርም ሳታፍሪ ንገሪያቸው፤ ሕክምናውን የሚመራው ያ ነው። ይህ ሁሉ ባይደርስ እንኳ ሆዱ በውሃ ስለሚሞላ የጠገበ መስሎ ይተኛል፤ ክብደቱ ግን አይጨምርም። ዱቄቱን ማብዛትም እንዲሁ ይጎዳዋል። ጣሳው ላይ የተጻፈው ልክ ልክ ነው።

ጣሳው ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ሒሳቡን ላሳይሽ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ያስፈልገዋል። አምስት ኪሎ ከደረሰ 750 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ለ100 ሚሊ ሊትር 13 ግራም ገደማ ዱቄት ስለሚገባ በቀን መቶ ግራም ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዱቄት ያልቃል። ባለ 400 ግራሙ ጣሳ አራት ቀን ቢቆይ ነው፤ በወር ከሰባት ጣሳ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ጣሳው ሲያልቅ «አባከንኩት» ብለሽ ራስሽን አትጠርጥሪ። ሌላ ወተት ሳይጠጣ ጣሳው ከዚህ ብዙ አልፎ ከቆየ ነው የሚያሳስበኝ።

ዋጋው ለምን እንደዚህ ናረ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ዱቄቱ የሚሠራው ቅባቱ ከወጣለት የላም ወተትና ከአይብ ውሃ፣ ላክቶስ ከሚባለው የወተት ስኳርና ከአትክልት ዘይት ነው። ፈሳሹን አድርቆ ዱቄት ለማድረግ ብዙ ኃይል ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ወተቱም፣ ዘይቱም፣ ነዳጁም በዓለም ገበያ አንድ ላይ ሲወደዱ ጣሳውም ተከተለ። ከዚህ የከፋው ግን ገበያው በጥቂት ኩባንያዎች እጅ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ፣ ሚቺጋን ያለ አንድ ፋብሪካ በብክለት ጥርጣሬ ሥራ ሲያቆም፣ በዚያ ሀብታም አገር እናቶች ከመደርደሪያ መደርደሪያ ወተት ፍለጋ ተንከራተቱ፤ መንግሥትም ከውጭ በአውሮፕላን አስጫነ። ሻጩ ጥቂት፣ ገዢው ደግሞ «ይቅርብኝ» ማለት የማይችል ሲሆን ዋጋ ለመውረድ ምን ምክንያት አለው? ይህ ያናድደኛል። የሌላ ዕቃ ዋጋ ሲጨምር ሰው ይታገሣል፤ የሁለት ወር ሕፃን ግን መታገሥ አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። መቆጠብ ካለብሽ ከስሙ፣ ጣሳው ላይ ካለው የኩባንያ ስም፣ ላይ ቆጥቢ። ባንኮኒው ፊት ቆመው ሁለት ጣሳ የሚያስተያዩ ወላጆችን እጅግ ብዙ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ በመጨረሻ ውዱን ያነሣሉ፤ ለልጃቸው ያነሰ የሰጡ እንዳይመስላቸው። ያ ስሜት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሻጮቹም ያውቁታል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮሚሽን፣ ኮዴክስ የሚባለው፣ ለሕፃናት ዱቄት ወተት እ.ኤ.አ. በ1981 ደረጃ አውጥቷል። ፕሮቲኑ፣ ቅባቱ፣ ብረቱና ቫይታሚኑ ከስንት እስከ ስንት መሆን እንዳለበት፣ በ100 ሚሊ ሊትርም ከ60 እስከ 70 ኪሎ ካሎሪ እንዲኖረው ወስኗል። ብዙ አገሮች ሕጋቸውን የሠሩት ይህን ይዘው ነው። ደረጃውን ያሟላ ርካሽ ጣሳ ጤነኛ ሕፃንን እንደ ውዱ ያሳድጋል። የብሪታንያ የገበያ ውድድር ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የጥናት ሪፖርት ይህንኑ ነው ያለው፦ ወላጆች ውድ የሆነ ይሻላል ብለው ይገዛሉ፣ በሕጉ መሠረት ግን ሁሉም የሕፃኑን ፍላጎት የሚያሟሉ ናቸው።

«ለአእምሮ እድገት»፣ «ለበሽታ መከላከል አቅም» የሚሉት ጽሑፎችስ? በ15 አገሮች የሚሸጡ ምርቶችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናት፣ እንዲህ ያለ የጤና ጥቅም ከሚያወሩት ምርቶች ውስጥ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ለቃላቸው አንድም ሳይንሳዊ ማስረጃ እንዳልጠቀሱ አግኝቷል። ልጅሽ አለርጂ ኖሮበት ወይም ያለጊዜው ተወልዶ ሐኪም ልዩ ወተት ካዘዘለት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን በራስሽ አትቀይሪ።

ርካሽ ስል ምንጩ ያልታወቀ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ ነጋዴዎች ወተቱን በውሃ አቅጥነው፣ ፕሮቲኑ የተሟላ እንዲመስል ሜላሚን የሚባል ኬሚካል ጨመሩበት፤ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፣ ስድስቱ ሞቱ። የተከፈተ፣ በፌስታል ተከፋፍሎ የሚሸጥ፣ ቀኑ የተፋቀ ጣሳ በነፃም ቢሆን አትቀበዪ። ስም ስትቀይሪ ደግሞ የድሮውን ጣሳ ማንኪያ ጣዪው፤ የማንኪያው መጠን ከጣሳ ጣሳ ይለያያል።

ስድስት ወር ሲሞላው «ቁጥር 2 ወደተጻፈበት ጣሳ አሳልፊው» የሚሉሽ ይኖራሉ። ግዴታ አይደለም፤ ቁጥር 1 እስከ አንድ ዓመቱ ያገለግለዋል። ከአንድ ዓመት በኋላማ ቁጥር 3 የሚባለውን መግዛት አያስፈልግሽም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ12 እስከ 23 ወር ላሉ ልጆች እንዲህ ያለውን ወተት አይመክርም፤ ጡት ለማይጠባው የእንስሳት ወተት ይበቃዋል። አሁን በዚህ ዕድሜው ግን የላም ወተት እንዳትሞክሪ፤ ብረቱ ትንሽ ነው፣ ፕሮቲኑና ጨዉ ለኩላሊቱ ይከብዳል።

ሌላው ገንዘብ የሚፈስበት ቦታ ጡጦው ውስጥ የሚቀረው ወተት ነው። የተረፈውን ለሚቀጥለው ማቆየት ስለማይቻል ይደፋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚተወው ነገር ካለ በትንሹ አዘጋጂ፤ ካልጠገበ ሌላ ትጨምሪለታለሽ። ዱቄቱ ራሱ ከጀርም ነፃ አይደለምና ውሃውን አፍልተሽ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ በጥብጪው፣ አቀዝቅዘሽ ስጪው፤ ከተበጠበጠ ሁለት ሰዓት ያለፈውን ድፊው። እዚህ ላይ ለመቆጠብ አትሞክሪ።

ጡትሽ ጨርሶ ካልደረቀ አሁንም በቀን በቻልሽው ልክ አጥቢው። በጠባ ቁጥር ወተቱ ይጨምራል፤ አንድ ጊዜ የጠባው ከጣሳው የተረፈ ነው። የሠለጠነች የጡት ማጥባት አማካሪ ወይም አዋላጅ ብታገኚ ትረዳሻለች። ካልሆነም አልሆነም፤ በጡጦ ያደገ ልጅ እናቱ ያልወደደችው ልጅ አይደለም፣ እንዲህ የሚልሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው።

እናትሽና እኔ ተነጋግረናል። ከዚህ ወር ጀምሮ ለወተቱ የሚሆን ገንዘብ እንልካለን። «አይሆንም አባዬ» እንዳትዪኝ፤ የምትከራከሪኝ ከሆነ ልጁ አድጎ እሱ ይክፈለኝ። ጎድሎብሽ ከሆነ ግን ገንዘቡ እስኪደርስ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ደውይልኝ።

አሁን የያዝሽውን ጣሳ ጀርባ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ አጠገቡ ያለውን የርካሹንም። የልጁን ክብደት ባለፈው ወርና በዚህ ወር ስንት እንደነበር ጻፊልኝ፤ ስንት ማንኪያ በስንት ውሃ እንደምትበጠብጪም ሳትደብቂ። አይቼ እመልስልሻለሁ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የሌሊቱን ጡጦ የሚያዘጋጀው እሱ ከሆነ ይህን ደብዳቤ እሱም ያንብበው።

የሚወድሽ አባትሽ