ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፦ የኢምፕላንት ሙከራ ሪፖርት ሙሉ ይሁንልን

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ከጎንደር ነው የምጽፍላችሁ፤ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ጥርስ ማስተከል የሚፈልግ ሰው፣ ከማራኪ ይምጣ ከደባርቅ፣ ቶሎ የሚጠይቀኝ «ዶክተር፣ ይቆይልኛል ወይ?» ብሎ ነው። ገንዘቡ ከኪሱ ነው የሚወጣው፤ ከብቱን ሸጦ የሚመጣም አለ። እኔ መልሱን የምፈልገው ከታተሙ ክሊኒካዊ ሙከራዎች ነው፤ ሪፖርቱ ከጎደለ የእኔም መልስ ይጎድላል።

ኢምፕላንት፣ ማለትም በወለቀ ጥርስ ምትክ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከለው ብሎን፣ ይሠራል ወይ እያልኩ አይደለም። ስዊድናዊው ተመራማሪ ብሬነማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ታይታኒየም ከተባለ ብረት የተሠራ ኢምፕላንት በሰው መንጋጋ ላይ ከተከሉ ወዲህ ይህ በደንብ ታይቷል። ይህኛው ምርት ከዚያኛው ይበልጣል ሲሉን ግን በምን እንመን?

እስቲ አስቡት። 100 ሰው ሙከራ ውስጥ ገባ እንበል። በ5 ዓመት ውስጥ 20ው ክትትል አቋረጠ። ከቀሩት 80 ሰዎች የ76ቱ ኢምፕላንት በቦታው አለ፤ ሪፖርቱም 95 በመቶ ብሎ ይጽፋል። የጠፉት ሁሉ ወልቆባቸው ቢሆንስ? ያኔ 76 በመቶ ይሆናል። ስንት ሰው፣ ለምን እንደጠፋ ካልተጻፈ የትኛውን ቁጥር ለታካሚዬ ልንገረው? ሰውን ትቶ ብሎኑን መቁጠርም አለ። አንድ አፍ ውስጥ ያሉ 6 ኢምፕላንቶች የሚያገኛቸው ያው ሲጋራ፣ ያው የስኳር በሽታ፣ ያው የጥርስ አቦራረሽ ነው፤ እንደ 6 የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ማስላት ውጤቱን ከሆነው በላይ አስተማማኝ ያስመስለዋል። ደግሞ በቦታው አለ ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ዙሪያው ያለው አጥንት እየሳሳ፣ ድዱ መግል ይዞ ቆሞ የሚቆጠርም አለ። ታካሚዎቹ ለሚነጻጸሩት ሕክምናዎች በዕጣ ተመደቡ ይባላል፣ ዕጣው እንዴት እንደወጣ ግን አይነገርም።

አዲስ ነገር ፍጠሩ አልላችሁም። የሙከራ ሪፖርት ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚዘረዝረው ኮንሶርት የተባለው መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አለ፣ በ2025ም ታድሷል። አፍሪካም የራሷ የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ አላት።

አንድ አስመጪ ኢምፕላንት ሊያስመዘግብ እናንተ ዘንድ ሲመጣ ጠይቁልን። ሙከራው የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊት ተመዝግቦ ነበር? ሪፖርቱ ኮንሶርትን ተከትሏል? ወጪውን ማን ሸፈነ? መልሱንም በአማርኛ አሳጥራችሁ ድረ ገጻችሁ ላይ አውጡት፤ ሐኪሙም ታካሚውም ከመወሰናቸው በፊት ያንብቡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ጎንደር