አባዬ፣ የደብተሩ ብር ነገር

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ስደውል «አርባ ዓመት ሊሞላህ ነው፣ አሁንም ያንን ጌም ትነካካለህ አሉ» ብለህ ሳቅህብኝ። መልስ አጣሁ። ለዚህ ነው የምጽፍልህ። መጀመሪያ ግን ኑዛዜ አለኝ። ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ስማር ለደብተር ብለህ የላክልኝ ብር፣ ያ በግ ሸጠህ የላክኸው፣ ግማሹ ያለቀው ጌም ቤት ነው። ይኸው ወጣልኝ።

ውጪ ውርጩ ይጋረፋል፣ ውስጥ አንዲት ቴሌቪዥን ከብበን እንተፋፈጋለን። ጨዋታው ሱፐር ማሪዮ ነበር፤ ጃፓኖች በፈረንጆቹ 1985 ያወጡት። አንድ ባለ ሪዝ ቧንቧ ሠራተኛ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ በቃ። ሁለተኛው ሜዳ ላይ ከመሬት በታች ይገባል። አንድ ቀን ከእኛ ከፍ የሚል ልጅ ጣሪያውን ሰብሮ ወጣና ከላይ፣ ነጥብ በሚጻፍበት ቦታ፣ መሄድ ጀመረ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኛ እኮ ጣሪያውን የዓለም ዳር ነው ብለን ነበር! መጨረሻው ላይ ወደ ሩቅ ሜዳዎች የሚያሻግሩ ሦስት ቧንቧዎች ቆመዋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ የሚባል ፕሌይስቴሽን 2 በሚሉት የጌም ማሽን ተጫወትኩ። አንድ ወጣት፣ አንድ ፈረስ፣ ሰፊ ባዶ ምድርና 16 ግዙፍ ፍጡሮች፤ ሌላ ጠላት የለም። የመጀመሪያው ሲራመድ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ፀጉሩን ጨብጠህ ነው ጀርባው ላይ የምትወጣው። ሲወድቅ ጆይስቲኩን ወርውሬ የምጨፍር መስሎኝ ነበር፤ ሙዚቃው እንደ ለቅሶ ሆነና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ምን አደረገኝ ብዬ ነው የገደልኩት?

ዋናው ግን ይሄ ነው። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ፣ ዜልዳ ከሚሏቸው ተከታታይ ጌሞች አንዱ የሆነ ጨዋታ አለ፣ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ይባላል። ገና ሲጀመር ልጁ ከዋሻ ሮጦ ይወጣና ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። ከፊቱ ጫካው፣ ቤተ መንግሥቱ፣ እሳተ ገሞራው ተዘርግቷል፤ ያየኸው ሩቅ ተራራ ሁሉ ደግሞ ሄደህ የምትደርስበት ነው። ጓደኞቼ «ጀምር እንጂ!» ይሉኛል፣ እኔ ፈዝዣለሁ። ያን ነገር አውቀው ነበራ። ትዝ ይልሃል፣ በጎቹን እየነዳን ወደ ደብረ ሲና ገበያ ስንወርድ፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙ አላስኬድ ብሎን ቆምን? ከዚያ በአንዴ ተገለጠና የይፋት ቆላ ከእግራችን ሥር ወለል አለ። አንተ ጋቢህን አጣፍተህ «እይ እንግዲህ የእግዜርን ሥራ» አልከኝ። በጎቹ እስኪበታተኑ ቆመን አየን። እሱን ነው ስክሪን ላይ ስፈልግ የኖርኩት፣ ሥራ ፈትቼ እንዳይመስልህ። (እሺ፣ አንዳንዴ ሥራም ፈትቼ ነው።)

አሁን ደግሞ በፈረንጆቹ 2020 የወጣ የአውሮፕላን ጨዋታ አለ፤ ዓለሙን በሙሉ ከሳተላይት ፎቶ ነው የሠሩት። ጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ከቦሌ ተነስቼ የደብረ ብርሃንን አስፋልት ይዤ በረርኩ። ጣርማ በር ስደርስ ሜዳው ከሥሬ አለቀና ገደሉ ተከፈተ፤ አባዬ፣ እጄ ላበው። ቤተ ክርስቲያናችንን ግን ተራ ቤት አድርገውታል፣ እሱ አናደደኝ።

በስልኬ ቀርጬዋለሁ፤ ለፋሲካ ይዤው እመጣለሁ። የእኛ ግቢ የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም፣ አንተ ታሳየኛለህ። እስከዚያ የዓይን ቀጠሮህ እንዳያልፍህ።

ይህን የምታነብልህን እህቴንም የደብተሩን ጉዳይ ለእማዬ እንዳታወራ ንገራት።

ልጅህ